አፈሙዝ ቢረዝም…

እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስንል እጃችን ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ሌላ ነገር የለብንም ለማለት ነው። የዛሬው ወሬያችንም ከዚሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

በቅድሚያ "እኛ" ማለት እነማን እንደሆንን ይታወቅልን። በኋላ "ይቺ ልጅ ራሷን እንደ ንጉሥ ነው እንዴ የምትጠራው?" እንዳትሉ። እኛ ማለት ጀርመን አገር፣ ሙኒክ ከተማ ዳር፣ አንድ ክፍልና አንድ ኮሪደር በምታክል ቤት የምንኖር ሁለት እህትማማቾች ነን። ታላቂቱ ነርስ ናት። ታናሺቱ አዲስ አበባ ጋዜጠኝነት ተምራ፣ ጋውን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ ፎቶ ከተነሳች በኋላ ወደዚህ መጥታ አሁን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ትሸጣለች፣ ከሰዓት ትማራለች፣ ማታ ማታ እንዲህ ትጽፋለች። ብዕሩ የታናሺቱ ቢሆንም ጥፋቱ የሁለታችን ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ "እኔ" የሚባል ሰው የለም። ጥፋት ሲጋሩት ይቀላል።

ሙኒክ ሲባል እኛ ሐበሾች የምናስታውሰው የ1972ቱን (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክ ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር፣ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያመጡበትን። የኢላማ ተኳሾችም ሙኒክን ያውቋታል፤ ግን በሌላ በኩል ነው የሚያውቋት። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ ነው። በዚያው በ1972 ለኦሎምፒኩ የተሠራው የሆኽብሩክ ተኩስ ሜዳም ዛሬ ድረስ ውድድር ይደረግበታል። እኛ እንግዲህ ይሄን ሁሉ ሳናውቅ ነው የገባንበት። ያስገባን ኬክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን የተኩስ ክበብ በዓመት አንድ ቀን በሩን ለሕዝብ ይከፍታል። በሩ ላይ የፖም ኬክ በነጻ ይሰጣል። ነጻ ኬክ አይተው የማያልፉ ሁለት እህትማማቾች ገቡ፣ በሉ፤ ከበሉ በኋላ በይሉኝታ "እስቲ እንሞክረው" አሉ። አንድ አዛውንት የአየር ሽጉጥ አስያዙን። ከአምስት ጥይት አንዱ ጥቁሩን ክብ መታ። ያቺ አንድ ቀዳዳ ጉድ ሠራችን። በሳምንቱ ተመዘገብን።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሽጉጥ የሚለው ቃል በቤታችን በቀልድ አይነሳም። አባታችን ወታደር ነበር፤ ከእሱ የቀረን አንድ ቀበቶና ሦስት ፎቶ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜም እማዬ ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ድምፁን ትቀንሰው ነበር፤ አታጠፋውም፣ ትቀንሰዋለች። እና ለእማዬ ስንነግራት ያለችውን አንረሳም።

"እናንተ ልጆች፣ አብዳችኋል?"

"እማዬ፣ በአየር ነው የሚሠራው። ባሩድ የለውም። ወረቀት ነው የምንመታው።"

"ወረቀቱ ምን አደረጋችሁ?"

መልስ አልነበረንም። እስካሁንም የለንም።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እናስረዳ። ይሄ ስፖርት ከፊልሙ ተኩስ ጋር አይገናኝም። ሽጉጡ በታመቀ አየር 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ፍሬ ይተፋል። ኢላማው 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ ወረቀት ነው። በአንድ እጅ ብቻ ተይዞ፣ ሌላኛው እጅ ኪስ ገብቶ ወይም ቀበቶ ይዞ ነው የሚተኮሰው። በትልልቅ ውድድር 60 ጥይት በ75 ደቂቃ ይተኮሳል። ሽጉጡ ከ1,500 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ቃታው ደግሞ ቢያንስ 500 ግራም ክብደት መሸከም አለበት። መነጽር ይፈቀዳል፤ ሽጉጡ ላይ ግን የሚያጎላ መስታወት መግጠም ክልክል ነው። ከፊት አንድ ቁራጭ ብረት፣ ከኋላ አንድ የተሰነጠቀ ብረት፤ በቃ። አሥር ቁጥር የምታሰጠው የመሃል ክብ ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። አስቡት፣ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም።

በ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ኦሎምፒክ የ51 ዓመቱን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችን ያላየ ወጣት ይኖራል? እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ይመስል ቆሞ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ቡድን ብር ያገኘው ሰውዬ። ያኔ ማኅበራዊ ሚዲያው ሁሉ "ያለ መሣሪያ መጥቶ ብር ወሰደ" ሲል ነበር። እውነቱን ለመናገር ሽጉጡ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ደንበኛ የውድድር ሽጉጥ ነው፤ እጅ ኪስ መክተትም የተለመደ አቋቋም ነው። ግን ወሬው ለእኛ ሳይጠቅመን አልቀረም። "መሣሪያ ዋጋ የለውም ማለት ነው?" ብለን የተከራከርነው ያኔ ነው። እናም ሁለታችንም በአንድ ድምፅ "ዋጋ አለው!" ብለን ደመደምን። ምክንያቱም ከስድስት ወር ልምምድ በኋላ ውጤታችን ከመቶ 84 ላይ ተቸንክሮ ቀርቶ ነበር፤ ለዚያም አንድ ተጠያቂ ያስፈልግ ነበር።

ተጠያቂው ተገኘ። የክበቡ ሽጉጥ አጭር ነው!

ክበቡ የሚያውሰን ለልጆችና ትንሽ እጅ ላላቸው የሚሆነውን አጭሩን ዓይነት ነበር። እንደ ሞሪኒና ፋይንቬርክባው ያሉ ፋብሪካዎች ያንኑ ሽጉጥ ረጅምም አጭርም አድርገው ይሠሩታል። ከእኛ አጠገብ የሚተኩሱት ጎበዞች ደግሞ አፈሙዛቸው ረጅም ነው። ኢንተርኔት ገብተን ስናነብ ነገሩ ተረጋገጠልን፦ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት በረዘመ ቁጥር ማነጣጠር ይጠራል። አፈሙዝ ረዘመ ማለት ማነጣጠሪያውም ተራራቀ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት የክበቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያገለገለ ረጅም ሽጉጥ በ1,100 ዩሮ ለሽያጭ ተለጠፈ። ይሄ ካልተፈለገ ምን ሊባል ነው? ፖስታ አዘጋጀን፤ ላዩ ላይ "ረጅሙ" ብለን ጻፍን። ከዳቦ ቤቱም ከሆስፒታሉም በየሳምንቱ የሚቆጠብ ገንዘብ መግባት ጀመረ።

በዚያው ሰሞን እማዬ ስልክ ጠየቀችን።

"ልጆቼ፣ ይሄ ስልክ ደብዝዟል። ፊታችሁ አይታየኝም። ትልቅ ስልክ ላኩልኝ።"

"እሺ እማዬ፣ ለገና እንልካለን" አልናት። በመስከረም ነው ይሄ። ስልክ ሁለተኛ፣ ሽጉጥ አንደኛ። ይመዝገብልን።

አሰልጣኛችን እነዚያው የኬኩ ዕለት ሽጉጥ ያስያዙን አዛውንት ናቸው። ጡረታ የወጡ የብረታ ብረት ሠራተኛ ናቸው። በጀርመንኛ እንደ እኛው "አንተ" እና "እርስዎ" አለ፤ እኛ እርስዎ እንላቸዋለን፤ በልባችን ደግሞ ጋሼ እንላቸዋለን። ፖስታውን ስንነግራቸው አልሳቁም፤ "ጥሩ ነው" ብለው አንድ የኢላማ ወረቀት ገልብጠው ጀርባው ላይ መሳል ጀመሩ።

የሳሉትን እንደ ገባን እንንገራችሁ። የአጭሩ ሽጉጥ ማነጣጠሪያዎች በ310 ሚሊ ሜትር፣ የረጅሙ በ360 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። የፊተኛው ብረት ከኋለኛው ስንጥቅ መሃል በ1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ከሸሸ፣ ስህተቱ 10 ሜትር ሲሄድ በአጭሩ 32፣ በረጅሙ 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው፤ ርቀቱን በማነጣጠሪያዎቹ መራራቅ ማካፈል። አሥር ለማግኘት ደግሞ የእርሳሷ ጠርዝ የአሥርን መስመር ከነካ ይበቃል፤ ማለትም የእርሳሷ መሃል ከኢላማው መሃል 8 ሚሊ ሜትር ድረስ መራቅ ትችላለች። ስለዚህ አሥር ለመምታት በአጭሩ የሚፈቀድልን ስህተት 0.25 ሚሊ ሜትር፣ በረጅሙ 0.29 ሚሊ ሜትር ነው።

"ልዩነቱ 0.04" አሉ ጋሼ። "ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት አይበልጥም። 1,100 ዩሮ ለአንድ ፀጉር።"

እኛ ግን ጋዜጠኛ አለብን፤ በቀላሉ አንረታም። "ጥቅም ከሌለው ሕጉ ለምን ይገድበዋል?" ብለን ሞገትናቸው። እውነት ነው፣ በ25 ሜትር ሽጉጥ ውድድር አፈሙዙ ከ153 ሚሊ ሜትር፣ የማነጣጠሪያዎቹ ርቀት ደግሞ ከ220 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። በአየር ሽጉጥ ደግሞ ሽጉጡ በሙሉ 420 በ200 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። እስከ 2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሪዮ ኦሎምፒክ ድረስ የነበረው የ50 ሜትር ሽጉጥ ግን ለአፈሙዝ ርዝመት ገደብ አልነበረውም፤ ተኳሾቹም አጋጣሚውን ተጠቅመው ረጃጅሙን ነበር የሚይዙት። ደቡብ ኮሪያዊው ጂን ጆንግ-ኦ ያንን ውድድር በቤጂንግ፣ በለንደንና በሪዮ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። "ታዲያ?" አልናቸው።

"ጥቅም የለውም አላልኩም" አሉ። "ለማን ነው ጥቅሙ ነው ያልኩት።"

ቀጥለው ሁለት ዓይነት ስህተት አሳዩን። አንደኛው፣ እጅ ሳይታጠፍ በጠቅላላው ወደ ጎን ሲንሸራተት ነው። እጅ 5 ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ቀዳዳውም 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ አሁንም አሥር ነው። ሁለተኛው የእጅ አንጓ ሲታጠፍ ነው። የአንድ ዲግሪ መታጠፍ 10 ሜትር ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል፤ ከጥቁሩ ክብ ብቻ ሳይሆን ከወረቀቱም ውጭ ነው የሚያርፈው። አስተውሉ፣ ለዚህኛው ስህተት ሽጉጡ ረጅም ይሁን አጭር ለውጥ የለውም፤ አንድ ዲግሪ አንድ ዲግሪ ነው። ረጅሙ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መታጠፉን ለዓይን አጉልቶ ያሳያል። አያስተካክለውም፣ ያሳየዋል።

እኛም "ማየት መጥፎ ነው እንዴ?" አልን።

"ሞክሩታ" ብለው የሰውዬውን ረጅሙን ሽጉጥ ለሁለት ሳምንት አዋሱልን።

ደስታችንን ተዉት። ማስታወሻ ደብተር ገዛን። አንድ ማታ በአጭሩ፣ አንድ ማታ በረጅሙ፣ አሥር አሥር ጥይት አምስት ጊዜ፤ ሁሉም ተጻፈ። የዜና ምንጭ ሁለት መሆን አለበት ተብለን ስለተማርን የሁለታችንንም ውጤት ለየብቻ መዘገብን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደምረን አካፈልን። በአጭሩ አማካያችን 84፣ በረጅሙ 82።

ደግመን ደመርን። 82 ነው።

ወረቀቶቹን ዘርግተን ስናያቸው ነገሩ ግልጥ አለ። በረጅሙ ስንተኩስ ጥሩዎቹ ቀዳዳዎች ከአጭሩ የበለጠ ተቀራርበዋል። መጥፎዎቹ ግን የባሱ መጥፎ ናቸው፤ ከአሥር ሁለቱ ሦስቱ ብቻቸውን ሄደው ስድስትና አምስት ላይ ተቀምጠዋል። ለምን? ረጅሙ የእጃችንን መንቀጥቀጥ ስላሳየን ነው። የፊተኛው ብረት በስንጥቁ ውስጥ ግራ ቀኝ ሲል እናየዋለን፤ እንደነግጣለን፤ ልክ መሃል ላይ ሲደርስ "አሁን!" ብለን ቃታውን እንነጥቀዋለን። ቃታ ሲነጠቅ አንጓ ይታጠፋል። በአጭሩ ደግሞ ያው መንቀጥቀጥ አለ፤ ግን ስለማይታየን ተረጋግተን እንስባለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኛ አፍሰን አልለቀምንም፤ የተኮሱት አይለቀምማ።

ክብደቱም አለ። ረጅሙ አፈሙዝ ክብደቱን ወደ ፊት ይወስደዋል። ይሄ ለጠነከረ ክንድ ጥሩ ነው፤ መወዛወዙን ያዘገየዋል። ለእኛ ክንድ ግን ከሠላሳኛው ጥይት በኋላ የፊተኛው ብረት ወደ ታች ወደ ታች ማለት ጀመረ። የሚገርመው ጋሼ ራሳቸው ሁለቱንም ተኩሰው አሳዩን። በረጅሙ 96፣ በአጭሩ 95። የፀጉሯን ልዩነት የሚጠቀምባት እሷ ብቻ የቀረችው ሰው ነው።

ሌላም ነገር አሳዩን። በእኛ አጭሩ ሽጉጥ ሣጥን ውስጥ ፋብሪካው ያስቀመጣት ትንሽ ካርድ አለች። ሽጉጡ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት በሞርሳ ታስሮ 10 ሜትር ላይ የተተኮሰባት ናት። አምስት ጥይት፣ ቀዳዳው ግን አንድ ነው። እንግዲህ አጭር ነው ብለን የከሰስነው አፈሙዝ በሞርሳ ሲታሰር አይስትም። ርዝመት ለብቻው አፈሙዝን ልከኛ አያደርገውም፤ ልከኛ የሚያደርገው የውስጡና የጫፉ አሠራር ነው። በአየር ሽጉጥ ፍጥነቱም በአፈሙዙ ርዝመት ብቻ አይወሰንም፤ አየሩን የሚለቀው ቫልቭ ነው የሚመጥነው። እንዲያውም ፍሬዋ ከረጅም አፈሙዝ እስክትወጣ ትንሽ ስለምትቆይ እጅ ሥራውን የሚያበላሽበት ጊዜ በጥቂቱ ይጨምራል፤ በሺኛ ሰከንድ የሚቆጠር ቢሆንም።

ያ ካርድ አፍ አዘጋን። ከሽጉጡና ከወረቀቱ መካከል የቀረነው እኛ ነን።

በታኅሣሥ አንድ ማክሰኞ ማታ ጋሼ ኢላማውን ገለበጡት። ክብ የለም፣ ቁጥር የለም፣ ነጭ ወረቀት ብቻ። "ዛሬ የምትመቱት የለም" አሉ። "ኢላማውን እርሱት። ዓይናችሁ በአንድ ጊዜ ቅርብና ሩቅ አጥርቶ ማየት አይችልም። የፊተኛዋን ብረት ብቻ እዩ። እሷ ትጥራ፤ ሩቁ ይደብዝዝ።"

እንደ ቀልድ አሥር አሥር ጥይት ተኮስን። ወረቀቱ በገመድ ተስቦ ሲመጣ ሁለታችንም ዝም አልን። የታላቂቱን አሥሩንም ቀዳዳዎች በአንድ የቡና ሲኒ አፍ መክደን ይቻል ነበር። የታናሺቱም አንዷ ብቻ ነው የወጣችባት። በስድስት ወር እንዲህ ተኩሰን አናውቅም። በአጭሩ ሽጉጥ!

ደስ ብሎን በምድር ውስጥ ባቡር ስንመለስ ለእማዬ ደወልን። ድምጿ ዝግ ብሏል።

"ምነው እማዬ?"

"ምንም። እጄን ቡና ትንሽ ነካ አደረገኝ።"

"እንዴት?"

"ከጀበናው ስቀዳ ሲኒው ላይ አልወርድ ብሎኝ። እነዚህ አዲሶቹ ሲኒዎች አፋቸው ጠባብ ነው፤ እኔ ደግሞ አልወደድኳቸውም።"

እማዬን የሚያውቃት ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። እማዬ እኮ አንድ ረከቦት ሙሉ ሲኒ ደርድራ፣ ጀበናውን ከፍ አድርጋ፣ ሳታቋርጥ፣ ጠብታ ሳትጥል ከዳር እስከ ዳር የምትቀዳ ሴት ናት። ልጅ ሆነን ጎረቤት የሚያደንቀው እሱን ነበር። እና ያ እጅ ሲኒ ሳተ።

በመስከረም "ስልኩ ደብዝዟል"። በጥቅምት "የሰፈሩ መብራት ኃይሉ ቀንሷል"። በኅዳር "ይሄ የምስር ለቀማ ነገር ሰልችቶኛል፣ የተለቀመ ግዙልኝ"። አሁን ደግሞ "ሲኒዎቹ ጠባብ ናቸው"። ስልኩ፣ መብራቱ፣ ምስሩ፣ ሲኒው። እኛ ደግሞ እየሰማን "እሺ፣ ትልቅ ስልክ እንልካለን" እያልን ነበር። ሁለት ፌርማታ ሳንነጋገር አለፍን።

ከሁለታችን ነርሷ ናት ቀድማ ያለቀሰችው። ጠዋት ማታ ሰው አስተኝታ "ከመቼ ጀምሮ ነው? አንዱ ዓይን ነው ሁለቱም? መብራት ሲበራ ይበተናል?" ብላ መጠየቅ የምታውቅ ሴት ለገዛ እናቷ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ አራት ወር አለፈ። ጋዜጠኛዋም ብትሆን አትሻልም። ጥያቄ መጠየቅ አይደል እንዴ አራት ዓመት የተማረችው? ቤታችን ስንደርስ "ረጅሙ" ተብሎ የተጻፈበት ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ውስጡ 860 ዩሮ ነበር።

የአክስታችን ልጅ በማግስቱ እማዬን ይዛት ሄደች። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው ተባለ፤ ሁለቱም ዓይን ላይ፣ ቀኙ የባሰ። ሐኪሙ ጠይቋት እሷ ግን "ስልኬ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው" ብላ ተከራክራዋለች አሉ። ከማን እንደወረስነው ገባችሁ?

ለማያውቅ እንንገር፤ የዓይን ሞራ ማለት ዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። መነጽር ቢቀያየር፣ ስልክ ቢተልቅ፣ አምፖል ቢበዛ አይጠራም። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲገባ ግን ይጠራል። ቀዶ ሕክምናው ረጅም አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። በወቅቱ ካልታከመ ግን እስከ መታወር ያደርሳል። እኛ "ለገና" እያልን የቀጠርነው ይሄን ነው።

ፖስታው አዲስ አበባ ሄደ። የቀኙ ዓይን በጥር ተሠራ።

ለጋሼ ረጅሙን ሽጉጥ ለምን እንደማንገዛ ስንነግራቸው ብዙ አላወሩም። "እናታችሁ ስንት ዓመታቸው ነው?" አሉ፤ ነገርናቸው። "እኔም ሁለቱንም ተሠርቻለሁ" አሉ። "ከዚያ በፊት ሁለት ሽጉጥ ቀይሬ ነበር።"

ሦስታችንም ሳቅን። የሳቁ መጨረሻ ግን ትንሽ ያቃጥል ነበር።

አሁን ትክክለኛውን እንናገር ከተባለ፣ ረጅም አፈሙዝ ውሸት አይደለም። ሒሳቡ ሒሳብ ነው፤ ማነጣጠሪያዎች ሲራራቁ የዓይን ስህተት ያንሳል፤ ለዚህም ነው ሕጉ የሚገድበው። ነገር ግን ያ ጥቅም የሚደርሰው ሌላው ስህተት ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው። አንጓው ሳይጸና፣ ጣት ቃታ መሳብ ሳይማር፣ ዓይን የቱን ማየት እንዳለበት ሳያውቅ አፈሙዝ ቢረዝም የራስን መንቀጥቀጥ በጉልህ ማየት ብቻ ነው ትርፉ። ማየት ደግሞ በራሱ መድኃኒት አይደለም። አንዳንዴ ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ይነጥቃል።

ለማንኛውም እኛ አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ በአጭሩ የክበብ ሽጉጥ እንተኩሳለን። ወሩን ግማሽ በነጭ ወረቀት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት 88 ገብተናል፤ በአጭሩ! ረጅሙን ሌላ ሰው ገዝቶታል፤ እየሳተ ነው፤ ስቀን አናውቅም፣ እግዜር ይመስክር።

ከእማዬ ጋር ያወራነውን ነግረናችሁ እንሰናበት። ፋሻው በተነሳላት ማግስት በዚያው በአሮጌው፣ "በደበዘዘው" ስልክ ደወለች። ብዙ ሰዓት ዝም ብላ አየችን። እኛም ዝም ብለን ታየን። ከዚያ፦

"እናንተ ልጆች" አለች፣ "ምነው እንዲህ ከሳችሁ?"

"አልከሳንም እማዬ። ድሮም እንዲሁ ነበርን።"

"ውሸት! ስልኩ እኮ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ምን ሆናችሁ ነው? አትበሉም? ደግሞ ያቺ ሽጉጥ… ተገዛች?"

"አልተገዛችም።"

"እሰይ! ለእሱም ተመስገን።"

የግራው ዓይን ለግንቦት ተቀጥሯል። አዲስ ፖስታ ጀምረናል። ላዩ ላይ የጻፍነው "ግራ" ብለን ነው። የምትደውሉለት እናት፣ አባት፣ አያት ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ "ስልኩ ደብዝዟል" ካሏችሁ ስልኩን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልን።

ቸር እንሰንብት።